ባቄላ የማይገባበት ቤት

ትናንት ልጄ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «አባዬ፣ የልጄ የሙሐመድ የደም ምርመራ መጣ። እንዳንተው ነው» አለችኝ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ግን፣ አያት ይሉኛል፣ ሳቄ መጣ።

በእናቴ ወገን ባቄላ ቤት አይገባም። የአያት መሐላ ነው ይባላል እንጂ ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ጥቅምት ደርሶ ሰኞ ገበያ በእሸት ሲሞላ እናቴ ፊቷን አዙራ ታልፋለች። እኔ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስቀጠር፣ በየስብሰባው «ኋላ ቀር ልማድ ይውደም!» እያልኩ የምጮህ ጎረምሳ ሆንኩ። ጓደኛዬ ይመር ከአገር ቤት እሸት ባቄላ ይዞ መጥቶ «መሐላው ይይዝሃል አሉ» ብሎ ሲያሾፍብኝ፣ ጥሬውን እየፈለፈልኩ እስክጠግብ በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፣ ምን ልዋሽ!

ብዙም ሳይቆይ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ መቆም አቃተኝ። ይመር ደግፎ በአውቶቡስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ አሻግሮ ደሴ እናቴ ቤት አደረሰኝ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። «የወፍ በሽታ ነው፣ መርፌ ከነካው ያልቅለታል» አሉ። እናቴም ሐኪም ቤት አይሄድም ብላ በሩ ላይ ቆመች። እኔ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ መሞቴ ነው ብዬ ነበር።

ይመር አላስቻለውም። «እትዬ ዘሀራ፣ ባቄላ አብልቼው ነው!» አለ።

እናቴ ራሷን ያዘች። ወንድሟ በልጅነቱ እሸት በልቶ፣ እንዲሁ ቢጫ ሆኖ ነበር የሞተባት። ቀጥላ ያለችውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«እንግዲያ መሐላው ነዋ የያዘው! የወፍ በሽታ ካልሆነ መርፌ አይገድለውም። ምን ትቆማላችሁ፣ አንሡት!»

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙ ባቄላ የሚለውን ሲሰማ ወደ እናቴ ዞረ። «በእርስዎ ወገን የሚታመሙት ወንዶቹ ናቸው?»

«ወላሂ፣ ማን ነገረህ ልጄ?»

«በዘር የሚወርድ ነው፣ ከእናት ወደ ልጅ። ባቄላ ሲበሉ ቀይ ደማቸው ይፈርሳል። የአጥንቱ መቅኒ ሌላ ደም ይሠራል፤ እስከዚያው ደም እንሰጠዋለን።»

እናቴ አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኛ የሰጠሁት?»

«ጥፋት የለብዎትም። መሐላውን ብቻ እንዳይተዉት።»

ደሙን የሰጠኝ ይመር ነው። ቀለሜ ሲመለስ እናቴ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ጉንጬን ትዳስሰኝ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ የሚያህል ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለልጄ ነገርኳትና «በይ፣ ባቄላውን ከቤት አውጪ» አልኳት።

«ለጎረቤት ሰጠሁት» አለች። ድምፅዋ ረግቷል። እናቴ ያላየችው የልጅ ልጇ ቤት፣ አዲስ አበባ ላይ፣ ከትናንት ጀምሮ ባቄላ አይገባም።