የሙሽራዋ እናት የቆሙበት ምሰሶ

አሰላ ውስጥ የቢራ ገብስ ገዝቼ የምሸጥ ሰው ነኝ። ጄኔሬተር የገዛሁት መብራት በሄደ ቁጥር የመጋዘኔ ሚዛን እየጠፋ፣ ገበሬው "ጠፍቶብህ ነው ወይስ አጥፍተኸው?" በሚል ዓይን ስለሚያየኝ ነው። በሰፈራችን ግን ጄኔሬተር እንደ ትልቅ ድስት ነው፤ ሰርግ ቤት ከጠየቀ አይከለከልም።

እኔም አልከለክልም። ብቻ ጄኔሬተሩ ብቻውን አይሄድም። መሬት የሚቀበረው የብረት ዘንግ፣ ዘንጉን ከጄኔሬተሩ የሚያገናኘው ሽቦ፣ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ወዲያው የሚቆርጠው ብሬከር ያለበት ሳጥን አብረውት ይሄዳሉ። እኔም እከተላለሁ። የሰፈሩ ሰው ያንን ብሬከር "ቀበሌ" ይለዋል፤ ምክንያት ሳይናገር ስለሚከለክል።

ከፋሲካ በኋላ አንዲት ጎረቤቴ ልጃቸውን ዳሩ። ድንኳኑ ተተከለ፤ ዝናቡም እንደተጠራ ሰው በሰዓቱ መጣ። መብራት ዝናቡን አይቶ ሄደ። ገና ከሰዓት ቢሆንም ድንኳኑ ውስጥ ወጡ ከሰላጣው አይለይም ነበር። ጄኔሬተሬን አስነሳሁ። አምፖሎቹ በሩ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ፣ ወዲያው ቀጭ! ሁሉም ጨለመ። ብሬከሩን መለስኩት። ቀጭ። ደገምኩት። ቀጭ።

ከሳጉሬ የመጡት የሙሽራዋ አጎት ጋቢያቸውን ጭቃ ላይ እየጎተቱ ደረሱ።

"ምን ሆኖ ነው ይሄ?"

"ጋሼ፣ አንድ ቦታ ኤሌክትሪክ እያፈተለከ ነው።"

"ታዲያ ሳጥኑን ንቀልና በቀጥታ ሰካዋ! ሙሽሮቹ እኮ አስፋልቱ ጋ ደርሰዋል።"

"ሳጥኑ ከተነቀለ ማንን እንደሚይዝ አናውቅም።"

"እኔን ይያዘኝ!"

"እርስዎን ቢሆን ደግ፤ ግን አይመርጥም።"

ዲጄው ከጨለማው ውስጥ ጮኸ፦ "ገብሳችንን እንደሚቀንሰው መብራቱንም እየቀነሰብን ነው!" ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሰድበውኝ ሲጨርሱም ሳጥኑን አልነቀልኩም። ጀግና ሆኜ አይደለም። በእኔ ጄኔሬተር ሰው ቢሞት፣ ለለቅሶውም ጄኔሬተር የምሰጠው እኔው ነኝ።

"ሁሉንም ንቀሉ፣ አንድ በአንድ እንሰካለን" አልኩ። ሙዚቃው ተሰካ፤ ብሬከሩ ዝም አለ። የቢራው ፍሪጅ ተሰካ፤ ዝም። አጎትየው ፍሪጁ ሲያጉረመርም ሰምተው ትንሽ ለዘብ አሉ። የመጀመሪያው የአምፖል መስመር ተሰካ፤ ዝም። ሁለተኛው ሲሰካ፣ ቀጭ!

እሱን ነቅዬ በስልኬ መብራት ገመዱን ተከተልኩት፤ አጎትየው ከኋላዬ። ድንኳን ተካዮቹ ሲባጎ አልቆባቸው ገመዱን ከብረቱ ምሰሶ ጋር ያሰሩት በአጥር ሽቦ ነው። እንዳይወድቅ ብለው ደግሞ እንደ አህያ ጭነት ጠፍረውታል። ሽቦው የገመዱን ልባስ በልቶ መዳቡ ጋ ደርሷል። ምሰሶው በዝናብ ርሷል። ምሰሶውን ተደግፈው የቆሙት ደግሞ የሙሽራዋ እናት ናቸው፤ ጭቃ የበላውን ጫማቸውን አውልቀው፣ በባዶ እግራቸው፣ ለእልልታ አየር እየሳቡ።

"እትዬ፣ እጅዎን ከብረቱ ያንሱ።"

"ምን አደረግኩህ ደግሞ?"

"ምንም። ብቻ ያንሱት።"

አጎትየው የእናትየውን እጅ አዩ፣ ሽቦውን አዩ፣ ባዶ እግራቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ዲጄው ዞረው፣ "አንተ ምን ይገትርሃል፣ ዘፈን አትለቅም?" ብለው ጮኹበት።

ያንን መስመር ጠቅልዬ አወጣሁትና ብሬከሩን መለስኩት። በቀረው መብራት ሙሽሮቹ ገቡ፤ ብሬከሩም እስከ መጨረሻው ድምፁን አላሰማም። ብቻ የእናትየው ጥግ ጨለማ ሆኖ ቀረ። በሰርጉ ቪዲዮ ላይ እልልታቸው ይሰማል፤ ፊታቸው የለም።

ይሄን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉኝም። ገበያ ሲወጡ መጋዘኔ በር ላይ ቆመው፣ "በልጄ ሰርግ ጨለማ ውስጥ የከተተኝ ይኸውላችሁ!" እያሉ ለገበሬው ያሳዩኛል። ድምፃቸው አሁንም ሚዛኑን ያነቃንቃል። እኔም ወንበር አወጣላቸዋለሁ፤ ቁጭ ብለው ይሰድቡኛል።

ሰሞኑን ልጃቸው ወለደች። ለክርስትናው ጄኔሬተሩን ሊጠይቁኝ መጡ።

"እትዬ፣ ሳጥኑ ካልመጣ እኔም አልመጣም" አልኳቸው።



"ሳጥኑስ ይምጣ፤ አንተ ግን ቅር" አሉኝ።