ከወንበሩ የተነሣው ዳኛ

አባቴ በሞተ በዓመቱ ወንድሙ የእናቴን ማሳ ድንበር ገፍቶ አረሰው። ሽማግሌ ቢላክበትም እምቢ አለ። ታላቅ ወንድሜ ጠመንጃ አንሥቶ ሊወጣ ሲል እናቴ በሩ ላይ ቆመችበት።

"ልጄ፣ ደም አታቃባን። እኔ ቀበሌ እከሰዋለሁ" አለችው።

እኔ ያኔ ደምበጫ እማር ነበር። የመንግሥት ተግባር ሕግ ማስከበር እንደሆነ ለፈተና ሸምድጃለሁ። የቀበሌው ፍርድ ቤት ሰብሳቢ ግን የአጎቴን ልጅ ያገባ ሰው ስለነበር ተስፋ አልነበረኝም።

በችሎቱ ዕለት ሰብሳቢው ተከሳሹን እንዳየ ከወንበሩ ተነሣ።

"እኔ የዚህ ሰው አማች ነኝ። ብፈርድለትም ብፈርድበትም ማን ያምነኛል?" አለና ቦታውን ለሌላ ዳኛ ለቅቆ ከሕዝቡ መሀል ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

አጎቴ አንገቱን ደፋ። ዳኞቹ ማሳው ድረስ ወርደው ድንበሩን አዩ፤ ጎረቤቶቹን አስምለው ጠየቁ። በመጨረሻም ለእናቴ ፈረዱላት።

ስንመለስ ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ፣ "እማዬ፣ ሰውዬው ባይነሣ ኖሮስ?" አልኋት።

"ወረዳ እሄድ ነበራ!" አለችኝ፣ ሌላ መልስ ያለው ጥያቄ አልመሰላትም። መንግሥት ለምን እንዳለ ከሸመደድሁት ይልቅ ያን ቀን ገባኝ።

በዚያው ክረምት ማሳው ላይ ጤፍ ዘራን።