አሊዩ አምባ ላይ የሞተው ግሪካዊ

ከሸዋ ሮቢት የተነሳሁት ማንጎ በዘንቢል፣ መርዶ በሆዴ ይዤ ነው። ግሪካዊው ተዋናይ ኒኮስ በአገሩ ማረፉን በስልኬ አነበብኩ። ዜናውን ለአሊዩ አምባው ሼህ ሰይድ የማድረስ ቃል አለብኝ። ሼሁ ዘጠናን አልፈዋል፤ ሰሞኑንም ታመዋል ተብሏል። ሞት ከቀደመኝ ቃሌን በላሁ ማለት ነው።

«ጋሼ ታደሰ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያስተምሩ ነው?» አለኝ ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ባለባጃጅ።

«ያላስተማርኩት ማን ቀረ?» አልኩት።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ። የጣርማ በርን ዋሻ ስናልፍ ጉም ተቀበለን። አጠገቤ ለተቀመጠችው ነርስም የኒኮስን ታሪክ ጀመርኩላት።

የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። ቲያትር ቤት ጠራጊ ሆኖ ገብቶ በመድረክ ላይ ንጉሥ እስከ መሆን ደረሰ። ሲኒማው ግን መሞቱን ወደደለት፤ በየፊልሙ ይወጋል፣ ይሰምጣል፣ ይሰቀላል። እኛም ዘንድ የመጣው በአሊዩ አምባ ገበያ የሚሞት ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ሊሠራ ነው። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ፊደልን ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ፣ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ የለቀምኩ ብሆንም በዚያ ገበያ የሚስተካከለኝ አልነበረም።

ቀረጻው ሲጀመር ኒኮስ በገበያው መሃል ተንገዳግዶ ወደቀ። ጨው ሊሸጡ የመጡት ሼህ ሰይድ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ፊልም ምን እንደሆነ አያውቁም። «ኢና ሊላሂ!» ብለው ዘለው ገቡ። ዓይኑን ከደኑት፣ በጥምጥማቸው አገጩን አሰሩለት፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አዞሩት። ዳይሬክተሩ ጮኸ፤ ኒኮስ ግን ንቅንቅ አላለም። በኋላ ገበያው ነገሩ ገብቶት ሲያጨበጭብ ተነስቶ እጅ ነሳ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንዲህ ያመነኝ ተመልካች አላየሁም» አለኝ። «የእውነቱ ቀን ሲመጣ ይህ ሰው ይስማ።» ቃል ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በአሊዩ አምባ ስሙ «ሟቹ» ሆነ።

አንኮበር ላይ ጋቢዬን ተከናነብኩ፤ ቁልቁለቱን ስጨርስ አውልቄ ተሸከምኩት። አሊዩ አምባ ስደርስ መሽቶ ነበር። መርዶ ደግሞ በማለዳ እንጂ በምሽት አይነገርም።

«ሟቹ ደህና ነው?» አሉኝ ሼሁ ራት ላይ። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

ማንም ዝም አሰኝቶኝ የማያውቀው እኔ፣ «ማንጎ ይብሉ» አልኩ።

ማለዳ ሁለት ጎረቤቶች ይዤ ገባሁ። «ሼህ ሰይድ፣ ኒኮስ አርፏል።»

«ማነው እሱ?»

«ሟቹ።»

«ሟቹ ሞተ?» እስኪያስላቸው ሳቁ። «ወላሂ፣ ሁለተኛ አያታልለኝም! ማን አየው?»

ስልኬን ከፍቼ የቀብሩን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ሳጥኑ በሕዝብ መሃል ያልፋል።

«ምንድን ነው የሚያደርጉት?»

«ያጨበጭቡለታል። ተዋናይ የሚሸኙት እንዲህ ነው።»

ሳቃቸው ቆመ። ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩ።

«እያጨበጨቡለት ካልተነሳማ እውነት ሞቷል» አሉ። ጥምጥማቸውን ፈተው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ጎረቤቱም አንድ በአንድ እየገባ ተቀመጠ፤ የሰው አገር ሰው በአሊዩ አምባ ለቅሶ ተደረሰለት።

ሸዋ ሮቢት ስመለስ ባለባጃጁ፣ «እህስ ጋሼ፣ ምን አስተምረው መጡ?» አለኝ።

«ተምሬ ነው የመጣሁት» አልኩት፤ «አንድ ሌሊት ሙሉ ዝም ማለት።»

በዚህም ቢሆን የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም።