አራት ደወል

ኖርማ ኦግደን በብራክሾ ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ቲኬት ስትቆርጥ አራት ደወል መትታ አታውቅም። አንድ ከሆነ ቁም ነው፣ ሁለት ሂድ፣ ሦስት ሞልተናል። አራት ግን የነፍስ ጉዳይ ነው። የድሮ አውቶቡስ ሾፌር ጋቢናው ውስጥ ለብቻው ተዘግቶ ስለሚቀመጥ፣ ከኋላ ሆነው ጉሮሮ እስኪሰነጠቅ ቢጮኹ አይሰማም፤ የሚሰማው ደወል ብቻ ነው።

ሾፌሯ ያኔም ዊልፍ ነበር፣ ዛሬም ዊልፍ ነው። ድሮ የተዘጋው የስድስት ቁጥር መስመር የመጨረሻ ጉዞ በየዓመቱ አንድ እሑድ ይዘከራል፤ የድሮ አውቶቡስ ወዳጆች ማኅበር ጠብቆ ያቆያቸው ባለፎቅ አውቶቡሶች ተወልውለው ይወጣሉ፣ ሰዉም በየደጃፉ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። ዊልፍ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የሚኖረው ለዚህች እሑድ ነው። ግን ሰባ ዘጠኝ ሞልቶታል፣ ኮሚቴው ውስጥም ማንሾካሾክ ተጀምሯል። ዛሬ አንዲት ጭረት ቢያደርስ መሪውን ይነጥቁታል። ኖርማን ከጠዋት ጀምሮ ያሳሰባት ይኸው ነው።

ይባስ ብሎ የአጭሯ አውቶቡስ ካምቢዮ አልገባም አለ። አጭሯ ለዚህ መስመር ተብላ የተሠራች ናት፤ ጣሪያዋ ዝቅ ያለው በባቡሩ ድልድይ ሥር እንድታልፍ ነው። በምትኳ በድልድዩ ሥር የማያልፈውን ረጅሙን ሰጧቸው።

“ጸሎት ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ይታጠፉ። ድልድዩን በዙሪያ ነው የሚያልፉት፣” አለ ሊቀመንበሩ ዴንዚል።

“አንተ ጡጦ ስትጠባ እኔ እዚህ መንገድ ላይ ነበርኩ፣” አለ ዊልፍ።

ሃያ ስድስት ሰው በፊት ወንበር እየተሻማ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ኖርማ ታች ቲኬት እየቆረጠች ሳለ፣ በቀኝ በኩል የተቀመጠ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፎቶ ሊያነሳ ብድግ አለ።

“ራስዎን!” አለች ሳታስበው።

አጭሯ ላይ፣ የላይኛው ፎቅ መተላለፊያ ወለል በቀኝ በኩል ዝቅ ብሎ ወደ ታችኛው ፎቅ ስለሚገባ፣ ከሥሩ የተቀመጠ ሁሉ ሲነሳ አናቱን ይመታል። ይህን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ትለው ነበር።

ሰውዬው ወደ ላይ አይቶ ሳቀ። “ከምኑ ልጠንቀቅ፣ እማማ? ቀጭኔ ይቆምበታል እኮ!”

ኖርማም ቀና ብላ አየች። ለካ ረጅሙ ላይ ናቸው! በመስኮት ስታይ ጸሎት ቤቱ ኋላ ቀርቷል። ዊልፍ አልታጠፈም፤ እጁ የለመደውን መንገድ ይዞ ሄዷል። መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ድልድዩም ከታች ይጠብቃል።

የደወሉን ገመድ ጎተተች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!

አውቶቡሱ መንደርደሩን ቀጠለ። ላይ ሰዎቹ ይዘፍናሉ። የድልድዩ ብረት እየቀረበ መጣ።

“ዊልፍ፣ በእናትህ!” አለች፣ እንደማይሰማት እያወቀች። እንደገና አራት ጊዜ ጎተተች።

ፍሬኑ ጮኸ፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ተንደረደረ። ወርዳ ወደ ፊት ሮጠች። በጣሪያውና በብረቱ መካከል አንድ ክንድ የሚሆን ክፍተት ቀርቷል።

“ምን ሆናችሁ ነው?” አለ አንዱ ከላይ።

“ለፎቶ ነው የቆምነው! ድልድዩን አንሱ!” ብላ ዋሸች። እነሱም አነሱት።

ዊልፍ መሪውን እንደጨበጠ ደርቆ ቀርቷል።

“ኖርማ፣ እኔ...”

“ዝም በል። ከኋላ ፊሽካ እነፋልሃለሁ፣ ቀስ ብለህ ተመለስ።”

ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ውስጥ ሻይ እየተጠጣ፣ የሥጋ ፓይ እየተበላ ሳለ ዴንዚል መዝገቡን ይዞ መጣ። “እንከን የለሽ ጉዞ ነበር! ለሚመጣው ዓመትም ጻፍኩዎት።”

ዊልፍ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። “ሰርዘኝ። ድልድዩን ረስቼው ነበር። እሷ ባትደውል ሰው ፈጅቼ ነበር።”

ዴንዚል መዝገቡን ከፍቶ ስሙን ሰረዘ። ከዚያ ወደ ኖርማ ዞረ። “እርስዎማ ባለውለታችን ነዎት። የእርስዎ ቦታ የተጠበቀ ነው።”

ኖርማ የዊልፍን ባዶ እጅ አየች።

“ምን ያሳቀኝ መሰለህ፣ ዊልፍ? ሰውዬውን ‘ራስዎን’ ያልኩት እኔም አጭሯ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነው። እሱ ባይስቅብኝ አብረን ነበር ድልድዩ ላይ የምንላተመው።”

የቲኬት ማሽኗን ከአንገቷ አውልቃ ከቁልፉ ጎን አኖረችው።

“በል ኮትህን አንሳ። ሁለት ደወል፣” አለችው።