የሻምፒዮኑ ጉንጉን

ሐሙስ ጠዋት በቡሪራም ከተማ ሆስፒታል ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ቅንድቦቹ በስፌት ጠባሳ ተቆራርጠዋል። ራሱ ላይ የደበዘዘ የገመድ ጉንጉን ደፍቷል፤ ቡጢኞች ወደ መድረክ ሲወጡ የሚደፉት ዓይነት ነው።

«ሥራ?» አለችው የመዝገብ ቤቷ ዊላይፖን።

«ሻምፒዮን።»

እንዳለው ጻፈችው። ባለፈው ወር አባቷ ሞተው የሕክምና ማኅደራቸውን በገዛ እጇ ከዘጋች ወዲህ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውን ማረም አይሆንላትም።

ወደ ጭንቅላት መመርመሪያው ማሽን ለመግባት ጉንጉኑ መውለቅ ነበረበት። ሰውየው በዚሁ ምክንያት ሁለት ሐሙስ ሳይመረመር ተመልሷል፤ በየሳምንቱ ደግሞ የቤቱን መንገድ ይበልጥ እየረሳ ነው።

«አጎቴ፣ እኔ ላውልቅልዎት?» አለች ነርሷ።

«ሴት አትነካውም። የሚያወልቀው አስተማሪዬ ነው።»

«አስተማሪዎ የት አሉ?»

«ሞተዋል» አለ። ከዚያ በሩን አይቶ፣ «ይመጣሉ» አለ።

ዊላይፖን ተነሥታ የበሽተኛ አልጋ ገፊውን ሽማግሌ ቡንሮድን ጠራቻቸው። ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ከፊቱ ቆሙ፤ ጆሮው ሥር ጸሎት አንሾካሹከው ጉንጉኑን በሁለት እጃቸው አነሡለት። መድረክ ላይ ቢሆን ግጥሚያው የሚጀመረው ይሄኔ ነው። ሰውየው ትከሻውን አፍታታ።

«ዛሬ ከማን ጋር ነው?»

ቡንሮድ በምርመራ ክፍሉ ክፍት በር ማሽኑን አዩት። «የቆየ ነው፤ ታውቀዋለህ። አትቸኩልበት፣ ልጄ።»

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም ገብቶ የማሽኑ አልጋ ላይ ወጥቶ፣ ዳኛ ሳይቆጥርበት ተጋደመ።