ዓይናማውና የተኛው ግመል

ዓይናማው የሚለው ስም የወጣለት በጎረምሳነቱ ነው። ተራራ ማዶ የጠፋ ፍየል አይቶ የቱ ጥርሱ እንደወለቀ ይናገራል ይባልለት ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎብኚዎችን ይዞ ከግለቱ የተነሳ እንሽላሊት በአንድ እግሯ በምትቆምበት የጠረፍ በረሃ ተመላልሷል። እንደ እሱ አባባል ድንጋዮቹ ሁሉ ሰላምታ ይሰጡታል።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ግን ዓይኑ ከድቶታል። ቅርቡን ያያል፤ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለው ዓለም ግን ወተት ነው። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም የኮት መስቀያውን እንደምን አደርክ ብለኸዋል። መሪውን ልቀቅ!»

«መሪውን የለቀቅሁ ቀን ቅበሪኝ።»

ስለዚህ መንገዱን በኪሎ ሜትር ሸመደደው። ቆጣሪው አርባ አንድ ሲል በቀኝ በኩል የተኛ ግመል የሚመስለው ቋጥኝ፤ ስልሳ ሦስት ሲል ገደሉ፤ ከዚያ ዞሮ መመለስ።

በዚያች የተረገመች ጠዋት የጫነው አንዲት መምህርትንና ባሏን ነበር። አርባ አንድ ላይ እጁን ዘረጋ።

«ተመልከቱልኝ! ሻኛውን፣ አንገቱን፣ የከንፈሩን መንጠልጠል!»

መምህርቷ አንገቷን አሰገገች። «አባባ፣ እዚህ ያለው እኮ የጠጠር ክምር ነው።»

ለካ ወታደሮች ለአዲስ ኬላ ግንባታ ግመሉን በድማሚት ፈጭተውታል። ዓይናማው ላብ አጠመቀው።

«ውሃ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል» አለ።

ባልና ሚስት በሳቅ ፈረሱ። እንዲህ ያለ ተጫዋች ሾፌር አይተው አያውቁም።

ስልሳ ሁለት ላይ፣ ከግመሉ ሥጋ የተሠራው ኬላ ቆሟል፤ መንገዱ ላይ ብረት ተጋድሟል። ዓይናማው የገደሉን ግርማ እየተረከ ብረቱን ገንጥሎ አለፈ፤ ስልሳ ሦስት ላይ ደርሶ «ይኸውላችሁ!» ብሎ በኩራት ሞተሩን አጠፋ። ከኋላው የኬላው አሥር አለቃ እያለከለከ ደረሰ።

«አባት፣ ብረቱን አላዩትም? ካላዩት መንጃ ፈቃድዎን ተቀብዬ ወደ ቤትዎ እሸኝዎታለሁ። እያዩ ከጣሱት ግን እስር ቤት ነው። የቱን ልጻፍ?»

መምህርቷ ክንዱን ቆነጠጠችው። «አላየሁም ይበሉ፣ አባባ!»

ዓይናማው ደረቱን ነፋ። «እኔ? እንኳን ብረቱን፣ ብረቱ ላይ ያረፈችውን ዝንብ አይቻለሁ!»

ሰባት ወር ተፈረደበት። ሚስቱ ልትጠይቀው በሄደች ቁጥር «መንጃ ፈቃዴን ማንም አልነካብኝም» ይላታል።

«ደግ፤ እንግዲህ የታሰርክበትን ክፍል ንዳ» ትለዋለች።

ታሳሪዎቹ በየማለዳው መስኮቱ ሥር ያስቀምጡትና «ዓይናማው፣ ዛሬስ ምን ይታያል?» ይሉታል። እሱም ይዘረዝርላቸዋል፦ አሸዋው እንደ ወርቅ ያበራል፣ ገደሉ ጭጋግ ለብሷል፣ ግመሉም ውሃውን ጠጥቶ ተመልሶ ተኝቷል።

ከመስኮቱ ሃያ እርምጃ ርቆ የቆመው የሽንት ቤቱ ግንብ ነው።

«ዓይን ይሏል እንዲህ ነው!» ይሉታል ታሳሪዎቹ፣ ሳቃቸውን በጋቢያቸው እያፈኑ።