የሐምሌ አሥራ አምስቱ ማስታወቂያ

ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ኮሌጅ የእንስሳት ሳይንስ ክፍል ጸሐፊ ነበርኩ። የኮሌጁን ስም አልጠራም፤ የሰዎቹንም አልጠራም። ቢጠራም ለአንባቢ የሚጠቅመው ነገር የለም። ወላጆቼ ከጎጃም መጥተው ነቀምቴ የተቀመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እኔም እዚሁ ተወልጄ፣ በቤት አማርኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ተማሪዎቹም መምህራኑም «አዴ» ይሉኝ ነበር፤ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው። አክብሮቱን እቀበላለሁ፤ እነሱን ግን አላከብርም ነበር።

ከተማሪዎቹ ልጀምር። አብዛኞቹ እንስሳት ሳይንስን የመረጡ ሳይሆኑ የደረሳቸው ናቸው። ሕክምና ሞሉ፣ ፋርማሲ ሞሉ፣ ምህንድስና ሞሉ፣ መጨረሻ ላይ ላምና ዶሮ ደረሳቸው። ባጃጅ ውስጥ «ምን ትማራለህ?» ሲባሉ «ሳይንስ» ብለው ዝም ይላሉ። ለተግባር ትምህርት ወደ ከብት ቤቱ ሲገቡ አፍንጫቸውን በሻርፕ ሸፍነው ነው። ግማሾቹ ወተት ተሸጦ ያደጉ የገበሬ ልጆች መሆናቸውን አውቃለሁና ያናድደኝ ነበር።

የትምህርት ዕድል ሲመጣ ግን ሁሉም የከብት ወዳጅ ይሆናል፤ ያውም በመጨረሻው ቀን። እነሱ «ዴድላይን» ይሉታል። ለእኔ ግን የመስኮቴ መስታወት በእጅና በጭቃ የሚቆሽሽበት ቀን ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እንደዚያ ነው። አንዱ ፎቶግራፍ የለውም፣ አንዱ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለትን መምህር ገና ያን ቀን ሊፈልግ ይነሳል፣ አንዱ ውጤቱን በስልኩ አንስቶ «አዴ፣ ከዚህ ላይ ይውሰዱልኝ» ይለኛል። በማግስቱ የሚመጡም ነበሩ። ለነሱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብዬ መስኮቱን እዘጋለሁ።

መምህራኑ ይሻላሉ ብላችሁ እንዳትታለሉ። የክፍሉ ኃላፊ ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ እንደ እርጎ ሳይረጋ አያነሳም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥሪ ከውጭ ይመጣለታል፤ ፋይል ይጭንበታል፣ በፋይሉ ላይ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ ብርጭቆ። ከዚያ ማህተሙን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ወደ መስክ ይሄዳል። ሲመለስ ግን እሳት የተነሳ ይመስል ነበር፤ «ዛሬውኑ ይለጠፍ!» ይላል። በጽሑፎቹም ስቄባቸዋለሁ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ሲመልስ አንዴ በሳምንት፣ አንዴ በወር ይስት ነበር። አስተካክዬ እጽፍለታለሁ፤ ደስታዬ ግን እሱ ተምሮ እኔ ማረሜ ነበር።

እንግዲህ ያ ደብዳቤም የመጣው እንደዚሁ ነው። ከባሕር ማዶ ካለ አንድ የወተት ምርምር ቦታ የተላከ ነው። ከክፍላችን አንድ ተማሪ፣ ለሦስት ወር፣ ሙሉ ወጪው ተሸፍኖለት ይሠለጥናል። ሦስተኛ ዓመት የሆነ ብቻ፤ አራተኛ ዓመት የገባ አይመለከተውም። ማመልከቻዎቹን ክፍሉ ሰብስቦ ይልካል። ኃላፊው ደብዳቤውን ለሁለት ሳምንት አርግቶት፣ ዝናብ ሲያወርድ በዋለበት ቀን፣ ምሳ ልወጣ ቦርሳዬን ባነሳሁበት ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ወረወረው። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ፤ በአፌ የማልደግመውን በሆዴ እያልኩ ተየብኩ። የመጨረሻው ቀን ሐምሌ 15። በአማርኛ ጻፍኩ፣ በኦሮምኛ ጻፍኩ፣ አስፈርሜ፣ ማህተም አስመትቼ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት።

በሐምሌ አራት አንዲት ልጅ መጣች። ቢላ ከምትባል ከተማ ወጣ ካለ የገበሬ መንደር የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ክርኗ ላይ የተጣፈ ሹራብ የምትለብስ ልጅ ናት። በሥራ ዘመኔ እንስሳት ሳይንስን አንደኛ ምርጫዬ ብላ የሞላች እሷን ብቻ ነው የማውቀው። ለሁሉም ነገር «ገለቶማ» ትላለች፤ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው። ወረቀት ስትሰጧት ገለቶማ፣ ኃላፊው የለም ስትሏት ገለቶማ፣ ነገ ነይ ስትሏት ገለቶማ። እምቢ ተብሎ የሚያመሰግን ሰው ደግሞ እኔን ደሜን ያፈላዋል።

ፋይሏ ሙሉ ነበር። ውጤቷ፣ ፎቶግራፏ፣ የሁለት መምህራን የድጋፍ ደብዳቤ፣ እና «ለምን ልትሠለጥን ፈለግሽ» ለሚለው በእጇ ጽፋ ያስተየበችው አንድ ገጽ። ገጹን እዚያው ፊቷ አነበብኩት፤ ማንም አንብቢ አላለኝም። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተት እንደማትሰጥ፣ በአገሯ የጥጃውን ቆዳ ጭድ ሞልተው ጨው ነስንሰውበት ከላሟ ፊት እንደሚያቆሙት፣ ላሟም እየላሰች እንደምትታለብ ጽፋለች። ቆዳው ሲያረጅ ግን ነገሩ እንደማይሠራ፣ እናቷ በዚህ ምክንያት ሁለት ላም እንደሸጠች፣ እሷ ደግሞ መላ እንዳለው ማወቅ እንደምትፈልግ ነው የሚለው።

ሳቅሁ። «ፈረንጅ አገር ድረስ የምትሄጂው ላም ለማታለል ነው?» አልኳት።

«ላሟ መች ትታለላለች፣ አዴ» አለችኝ። «ጥጃዋ እንዳልሆነ ታውቃለች። ሽታውን ነው የምትፈልገው። ቆዳው ሲያረጅ ሽታው ይጠፋል።»

እንደዚህ ያለ መልስ ከመምህራኑም ሰምቼ አላውቅም። ገረመኝ፤ መገረሜን ግን አላሳየኋትም። ፋይሉን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩ።

«ማሎ፣ አዴ፣ ዛሬ ቢልኩልኝ?» አለች። ማሎ ልመና ነው፤ እባክዎ እንደማለት።

«ለአንድ ሰው ብዬ ስካነር አልከፍትም። የሁሉም ሲሰበሰብ ባንድ ላይ ይሄዳል። ገና አሥራ አንድ ቀን አለሽ፤ ምን ያስቸኩልሻል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም?»

«ገለቶማ» ብላ ሄደች።

በሐምሌ ሰባት ከሰዓት በኋላ ደግማ መጣች። ዣንጥላ አልነበራትም፤ ከራሷ ላይ ውኃ ይወርዳል። «ዛሬ መብራት አለ፣ ኔትወርክም አለ» አለችኝ፣ ስልኳን እያሳየች። «ነገ ላይኖር ይችላል።» በእኛ በኩል ያለ ሰው ይህን አባባል ያውቀዋል፤ ኔትወርክ ሲኖር ያልላክኸው ነገር መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። እኔ ግን ሌላ የምሠራው ነገር ሳይኖረኝ፣ እጄን በጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «ልጄ፣ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?» አልኳት። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ይቅርታውንም ተቀበልኩ።

ሐምሌ 15 ደረሰ። እንደ ልማዳቸው ሦስት ወንዶች በመጨረሻው ሰዓት እየሮጡ መጡ፤ የአንዱ ወረቀት ጫማው የረገጠው ይመስል ነበር። የሷን ከላይ አደረግሁ። ስካነሩን ከፈትኩ፣ ኃላፊው ፈረመ፣ ላክሁ። በዕለቱ ኔትወርኩ እንከን አልነበረውም።

መልሱ በማግስቱ ጠዋት ገባ፤ ሁለት መስመር ነው። የማመልከቻው ቀን እንዳለፈ ይናገራል፤ ማዘናቸውንም ይጨምራል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ፈረንጅም እንደ እኛ ኃላፊ ይስታል ብዬ ነው። ላሳፍራቸው ዋናውን ደብዳቤ ከፋይል አወጣሁ። ጁላይ 15 ይላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ ከእኛ ቀን ሥር የፈረንጁን በትንንሽ ቁጥር የሚጽፈውን። ጁላይ 15 ያለው ከሐምሌ 8 ሥር ነው።

ጁላይ ሐምሌ ነው ብዬ ነበር የተየብኩት። ሳልቆጥር፣ ግድግዳዬን ቀና ብዬ ሳላይ፣ ኃላፊውን እየረገምኩ። በአማርኛም ተሳሳትኩ፣ በኦሮምኛም ተሳሳትኩ። ልጅቷ በሐምሌ አራት ስትመጣ አራት ቀን ነበራት። በሐምሌ ሰባት በዝናብ ቆማ «ዛሬ ኔትወርክ አለ» ስትለኝ አንድ ቀን ነበራት። አፈርኩ። ሰው እንዳያየኝ ኮሪደሩን ግራና ቀኝ አየሁና ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ላይ ነቅዬ ቀዳደድኩት።

ኃላፊው ሲገባ መልሱን አሳየሁት። አፌን ሳልከፍት እሱ ራሱ፣ «ኔትወርኩ ነው፣ አይደል?» አለ።

«ኔትወርኩ ነው» አልኩ። ለአመልካቾቹም እንደዚያው አልኳቸው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ሦስቱ ወንዶች ትከሻቸውን ነቅንቀው ሄዱ፤ ከመጀመሪያውም አልጠበቁትም። እሷ ግን መስኮቴ ላይ ቆማ ሁለቱን መስመር ደጋግማ አነበበች። «ለሚመጣው ዓመትስ?» ብላ ጀመረችና መልሱን ራሷ ስለምታውቀው ተወችው። ሲመጣ አራተኛ ዓመት ናት። ዓይኗ ሞላ፣ አልፈሰሰም። ከዚያ እኔን አጽናናችኝ።

«እርስዎ ምን ያድርጉ፣ አዴ። ደክመውልኛል። ገለቶማ።»

በመስከረም ከእረፍት ስትመለስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዛ መጣች። እናቷ ናት የላከችው፤ ላሞቿን የሸጠችዋ እናት። «ስለደከሙልኝ ነው» አለች። እምቢ ማለት ይቻል ነበር። ተቀበልኩ። ቤት ወስጄ በላሁት፤ ጥሩ ቅቤ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጨለለቂ ሰፈር ባለች ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን እተቻለሁ። ጠባይ ከደመወዝ ጋር አይቋረጥም። ልጅቷ ተመርቃ በአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ የእንስሳት ልማት ሠራተኛ ሆነች፤ ዶሮ ትከትባለች፣ ለገበሬ ስለ መኖ ታስረዳለች። ለስብሰባ ነቀምቴ በመጣች ቁጥር ሳትጠይቀኝ አትሄድም። አብረዋት የተማሩት፣ ስንቱን ወረቀት የተየብኩላቸው፣ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ስልካቸው ያቀረቅራሉ። እሷ ግን ገና ከበሩ «አከም ጅርቱ፣ አዴ?» እያለች ትገባለች፤ ደህና ነዎት ወይ ነው። እኔም ሁልጊዜ ዛሬ እነግራታለሁ እያልኩ ሌላ ሰው ሳማላት እንለያያለን።

ዘንድሮ በሐምሌ መጨረሻ ዣንጥላዋን በረንዳው ላይ ዘርግታ ገባችና ከፕላስቲክ ውስጥ ወረቀት አወጣች። በእንስሳት እርባታ የሁለተኛ ዲግሪ ዕድል ነው። ኦገስት 10 ይላል።

«ቀኑን በእኛ ይቁጠሩልኝ» አለችኝ። «ስልኩም ይነግረኛል። ግን ከእርስዎ በላይ የማምነው ሰው የለም።»

ወረቀቱን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አደረግሁት። «ዛሬውኑ ላኪ» አልኳት። «ማንንም አትጠብቂ። ከዚህ እንደወጣሽ ላኪ።»

ሳቀች። «ያኔ ‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች› ብለውኝ ነበር እኮ!» አለች። ነገር አልነበረባትም፤ የድሮ ጨዋታ እንደሚያነሳ ሰው ነው የተናገረችው።

«ያኔ ያስቀረሽ ኔትወርኩ አልነበረም» አልኳት።

አልገባትም። ስለዚህ በቅደም ተከተል ነገርኳት፤ ጁላይ 15ን፣ ሐምሌ 8ን፣ የቀደድኩትን ማስታወቂያ። በዝናብ የመጣሽ ጊዜ አንድ ቀን ቀርቶሽ ነበር አልኳት። ቅቤውንም እያወቅሁ ነው የበላሁት አልኳት። ስናገር የሰው ስህተት እንደማወራ ድምፄ አልተሰበረም፤ እሱም ከልማድ ነው።

ከዚያ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ ወሰደች። በጣቶቿ ቆጠረች፣ በኦሮምኛ፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች። አንድ ጊዜ ከቆጠረች በኋላ ደግማ ቆጠረች።

«ነሐሴ አራት» አለች፣ ለራሷ።

ቀና ብላ አየችኝ። አስተያየቷን አውቀዋለሁ፤ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያች መስኮት በኩል ሰውን ያየሁበት ነው። ወረቀቱን ፕላስቲኩ ውስጥ መለሰች፣ ዣንጥላዋን አንስታ አራገፈች፣ ደረጃውን ወረደች። በሩ ጋ ስትደርስ «ገለቶማ» እስክትል ጠበቅሁ። ሳትል ወጣች።